የሰንጋ አድላቢውን ሙያ ማን ይመስክርለት?

ጤና ይስጥልኝ፣ እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ እንግዳ የለኝም። ሆዴ ውስጥ የከረመ ጉዳይ ስላለ እሱን ላጫውታችሁ። ስለ ከብት አድላቢዎች ነው።

ያደግሁት ምዕራብ ሐረርጌ ነው። ሥራዬም እዚያው ነው፤ ስለ እንስሳት እርባታ አርሶ አደሮችን አሠለጥናለሁ። «የሐረር ሰንጋ» ሲባል አዲስ አበባ ያለ ሥጋ በል ሁሉ ያውቀዋል። ስሙ ብቻውን ዋጋ ይጨምራል። ያደለበው ሰው ግን ስም የለውም። ጨለንቆ ገበያ ላይ በሬውን ያስረክባል፣ ብሩን ይቆጥራል፣ ቤቱ ይገባል። በሬው አዲስ አበባ፣ ካራ ገበያ ሲደርስ ስለ እሱ የሚያወራው ደላላው ነው።

እስቲ ሥራውን ጠጋ ብለን እንየው። የሐረርጌ ገበሬ መሬቱ ጠባብ ነው፤ በሬ ለቆ የሚያሰማራበት ሜዳ የለውም። ወይፈን ይገዛል፣ ጥቂት ዓመት ያርስበታል፣ ከዚያ ቤቱ አጠገብ ያስረዋል። ማሽላውን ሆን ብሎ አብዝቶ ይዘራል። ሲበቅል እየነቀለ ያሳሳዋል፤ የተነቀለው ለበሬው ነው። ቀጥሎ ቅጠሉ፣ ቀጥሎ አገዳው፣ የስኳር ድንች ሐረግ፣ የጫት ገረባ። ይህን ሁሉ በእጁ ነው የሚያጎርሰው፤ ጥቂት ጥቂት እያለ፣ ቀኑን ሙሉ። በሬው ፊቱን ካዞረ ሌላ ይቀይርለታል። መሸጫው ሲደርስ የጭራውን ሥር ይጨብጣል፣ የጎድኑን መጨረሻ በጣቱ ይጫናል፣ ሻኛውን ያያል። «ገና ነው» ካለ ገና ነው። እኛ ኮሌጅ ገብተን የሰውነት አቋም ምዘና ብለን የተማርነው ይኸንኑ ነው። እሱ ከአባቱ ተማረው።

አባት ያላስተማረው ነገርም አለ። ለምሳሌ መርፌ። በሬ ሲታመም ብዙ ጊዜ የሚወጋው ታፋው ላይ ነው። መርፌ የገባበት ሥጋ ደግሞ ይጎዳል፤ ጠባሳው ውስጥ ይቀራል፣ ሥጋውም ይጠነክራል። ታፋ እኮ ለቁርጥ የምንሻማበት ሥጋ ነው! ስለዚህ አንገት ላይ መውጋት ይሻላል። ሌላው የመድኃኒቱ ቀን ነው። ለረጅም ጊዜ የሚሠራው ኦክሲቴትራሳይክሊን የሚባለው አንቲባዮቲክ ብዙ ጊዜ ከመጨረሻው መርፌ እስከ እርድ 28 ቀን ይፈልጋል። ነገ ገበያ ሊወጣ የተዘጋጀ በሬ ዛሬ ቢወጋ፣ መድኃኒቱ ወዴት እንደሚሄድ አስቡት። ጥሬ የምንበላ ሰዎች ነን።

አሜሪካኖች ይኼው ችግር ነበረባቸው። በ1991 እ.ኤ.አ. የሥጋቸውን ጥራት በአገር ደረጃ ሲፈትሹ፣ የመርፌ ጠባሳ ስንት ሥጋ እንደሚያበላሽ አዩ። ቢፍ ኳሊቲ አሹራንስ፣ የበሬ ሥጋ ጥራት ማረጋገጫ እንደማለት ነው፣ የሚባል የሥልጠና ፕሮግራም አላቸው። ከብት አርቢው ይማራል፣ ይፈተናል፣ የምስክር ወረቀት ይሰጠዋል። ወረቀቱ የሚያገለግለው 3 ዓመት ነው፤ ከዚያ እንደገና ይማራል። እኔን የገረመኝ ግን ቀጥሎ የሆነው ነው። የሥጋ ኩባንያውን ታይሰንንና የሃምበርገር ቤቶቹን ዌንዲስን የመሳሰሉ ትልልቅ ገዢዎች፣ ከ2019 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከብቱ ይህ ምስክር ወረቀት ካለው ማድለቢያ እንዲመጣላቸው እንፈልጋለን አሉ። ያኔ ወረቀቱ ግድግዳ ላይ ከሚሰቀል ነገር አለፈ።

የእኛስ? እኛ ጋ ሥልጠና ሞልቷል። አርሶ አደሩ ማሠልጠኛ ማዕከል ይጠራል፣ ሁለት ሦስት ቀን ይቀመጣል፣ አበሉን ይቀበላል፣ ፎቶ ይነሳል። የሚሰጠው ወረቀት መገኘቱን ነው የሚመሰክረው፤ መቻሉን አይደለም። ያንን ወረቀት ይዞ ገበያ ቢወጣ ማንም አንድ ብር አይጨምርለትም። ሞዴል አርሶ አደር ተብሎ መሸለም አለ፤ ደስ የሚል ነገር ነው። ግን ሽልማት ለጥቂቶች ነው፤ የሙያ ማረጋገጫ ሙያው ላለው ሁሉ ነው።

የሚያናድደኝ በሩ ዝግ አለመሆኑ ነው። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የቴክኒክና ሙያ ስትራቴጂ፣ ሙያውን የትም ይቅሰም የት፣ ተመዝኖ ብቁ ከሆነ ይረጋገጥለት የሚል ሐሳብ ይዟል። ሲኦሲ የምንለው የሙያ ብቃት ምዘና ከዚሁ ጋር የመጣ ነው። ታዲያ ሰላሳ ዓመት በሬ ያደለቡ አባት ለምን አይመዘኑም? መዛኙ ጋጣቸው ድረስ ይሂድ። በሬ ይቅረብላቸው። ጥርሱን አይተው ዕድሜውን ይንገሩት፣ ዳብሰው ስንት ሳምንት እንደሚቀረው ይንገሩት፣ መርፌ የት እንደሚወጋ ያሳዩት። ያነሳቸው ካለ እሱን ተምረው እንደገና ይመዘኑ። ካለፉ በኋላ ደግሞ ወጣቶቹን እሳቸው ያሠልጥኑ፤ አሠልጣኝ ተብለው፣ ተከፍሏቸው።

ሚዛንም ያስፈልጋል። አሁን ሽያጩ በዓይን ግምት ነው። በግምት ሲሸጥ ጥሩ አድላቢና ቀልጣፋ ደላላ እኩል ይሆናሉ፤ እንዲያውም ደላላው ይበልጣል። ሚዛን ከሌለ የደረት ዙሪያ በሜትር ለክቶ ክብደቱን ማስላት ይቻላል፤ ከግምት በእጅጉ ይሻላል።

ሥጋ ቤት ያላችሁ፣ ለልኳንዳ ሰንጋ የምትገዙ አድማጮቼ፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። በዚህ ሳምንት በሬ ስትገዙ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፤ ማን አደለበው? መጨረሻ የተወጋው መቼ ነው? ያገኛችሁትን መልስ ጻፉልኝ፤ መልስ ካጣችሁም እሱኑ ጻፉልኝ። በሚቀጥለው ክፍል ይዤው እቀርባለሁ።