የዕድራችን ዓመታዊ ጉባኤ የመክፈቻ ንግግር፦ ስለ በክስተን ከተማ

የተከበራችሁ አባላት፣ እናቶቼ፣ አባቶቼ፣ ወንድሞችና እህቶች፤ እንኳን ለዓመቱ ጠቅላላ ጉባኤ በሰላም አደረሳችሁ።

ወደ ሒሳቡ ከመግባታችን በፊት ጥቂት ታገሱኝ። ባለፈው መስከረም ከተወሰኑ አባሎቻችን ጋር እዚሁ አሜሪካ፣ አይዋ ግዛት፣ ሞንሮ ካውንቲ ወርደን በክስተን የምትባለውን ከተማ አይተን መጥተናል። አይተን ስል፣ የሚታየው እርሻ ነው። በመካከሉ ጣሪያ የሌለው የመጋዘን የድንጋይ ግድግዳ ቆሟል፤ ራቅ ብሎ መቃብሩ አለ። አንድ እናታችን ያዘመመ የመቃብር ድንጋይ በነጠላቸው ጫፍ ጠርገው ስሙን ሊያስነብቡን ቢሞክሩ ፊደሉ ተበልቷል። «ነፍስ ይማር» ብለው አለፉ።

በዚያ ሜዳ ላይ እ.ኤ.አ. በ1905 ወደ 4,700 ሰው ይኖር ነበር፤ ከዚህ ውስጥ 2,700ው ጥቁር ነው። ከተማዋን በ1900 ገደማ የቆረቆራት ኮንሶሊዴሽን የሚባል የከሰል ኩባንያ ሲሆን፣ የኩባንያው ባለቤት ደግሞ የባቡር ድርጅት ነበር። ባቡሩ ከሰል ይበላል፣ በክስተን ትቀልበዋለች። ቤቱም ትልቁ ሱቅም የኩባንያው ነው፤ ከንቲባ እንኳ አልነበራትም። ይሁንና ጥቁሩም ነጩም ቆፋሪ ለእኩል ሥራ እኩል ይከፈለው ነበር። ሐኪሙ ዶክተር ኤድዋርድ ካርተርና ጠበቃው ጆርጅ ውድሰን ጥቁሮች ነበሩ። በዚያ ዘመን አሜሪካ ይህ እንዲህ በቀላሉ የሚታይ ነገር አልነበረም።

እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነው። ብዙዎቹ ጥቁር ሠራተኞች ከበክስተን በፊት ሙቻኪኖክ በምትባል የቆፋሪዎች ሰፈር ነበሩ። ኩባንያው በ1880ዎቹ መጀመሪያ ከቨርጂኒያ ያመጣቸው የሌሎችን የሥራ ማቆም አድማ ለመስበር ነው፤ እነሱ አገሩን አያውቁት፣ አገሩም አይወዳቸው። ታዲያ ምን አደረጉ? ዕድር አቋቋሙ! እነሱ በሌላ ስም ይጥሩት እንጂ ሥራው ያው ነው። ላጤው በወር 50 ሳንቲም፣ ቤተሰብ ያለው 1 ዶላር ያዋጣል። ከመዋጮው 80 በመቶው ለሕክምና ይውላል፣ ቀሪው ለቀብር ማስፈጸሚያ ይቀመጣል። (እኛ ለሕክምና የመደብነው ስንት እንደሆነ ገንዘብ ያዣችን ሲያቀርቡ ትሰማላችሁ፤ አልቀድማቸውም።)

ከዚያ በኋላ ያለው አጭር ነው። ኩባንያው ሥራውን ወደ አዳዲስ ጉድጓዶች ሲያዛውር ሰዉም እየለቀቀ ሄደ። በ1919 በክስተን የቀረው 400 ያህል ሰው ነበር፤ የመጨረሻው ጉድጓድ በ1927 ተዘጋ። ከፊሉ ደሞይን ገባ፣ ከፊሉ ዋተርሉ፣ ከፊሉ ቺካጎ።

ከእኛም መካከል ሥጋ ፋብሪካውን ትተው ወደ ሌላ ግዛት የሄዱ አሉ። እየደወሉ «መዋጮዬን ልላክ ወይ?» ይሉናል፤ ኮሚቴው የሚመልሰው አጥቷል። ደንባችን አባሉ «የአይዋ ነዋሪ» መሆን አለበት ይላልና። ደንቡን ስናረቅ ሰው ሥራ ተከትሎ እንደሚሄድ አላሰብንም፤ እኔም አርቃቂ ነበርኩ፣ ጥፋቱ ይደርሰኛል። 3ኛው አጀንዳ ይኸው ነው፤ ተነጋግረን ዛሬውኑ ድምፅ እንሰጥበታለን።

አሁን ገንዘብ ያዣችን የዓመቱን ሒሳብ ያቅርቡልን። የአራት ወር ውዝፍ ያለባችሁ ደግሞ ለሻይ ስንወጣ በጓሮ በር አትሹለኩ፤ ጸሐፊያችን ደረሰኝ ይዘው እዚያ ቆመዋል።