ሩም ሸጣችሁ ቆሎ አትንፈጉ

(ከጥምቀት በፊት ለጎንደር የሆቴልና የመጠጥ ቤት ሠራተኞችና ባለቤቶች በተሰጠ ሥልጠና መዝጊያ ላይ የተደረገ ንግግር)

ክቡራን እንግዶች፣ የሆቴልና የመጠጥ ቤት ባለቤቶች፣ ባንኮኒ ላይ የምታመሹ ወንድሞቼ፣ ጢስ ውስጥ የምትውሉ እኅቶቼ፤ እንደምን ዋላችሁ?

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርእስ «ከሩም ጋር የሚስማሙ መክሰሶች» ይላል። ወረቀቱን ሳነብ ሳቄ መጣ። ከሩም ጋር ምን እንደሚስማማ የሚጨነቀው እኮ የሆነ ነገር የሚያቀርብ ሰው ነው። እኛ ምን እናቀርባለን?

እስቲ እውነቱን እናውራ። አንድ እንግዳ ፒያሳ ካሉት ቤቶቻችን ወደ አንዱ ይገባል። ሩም ያዛል። መለኪያው ይሞላለታል። በረዶ ካለ በረዶ፣ ኮካ ካለ ኮካ ይመጣለታል። ከዚያስ? ከዚያማ ምንም። «የሚቆረጠም ነገር አለ?» ሲል አስተናጋጁ ዞሮ ወደ ጓዳ ያያል። ጓዳው ጨልሟል። ወጥ ቤቱ በሦስት ሰዓት ተዘግቷል፤ ባንኮኒው ግን እስከ እኩለ ሌሊት ይሠራል። እንግዳው ዕድለኛ ከሆነ የታሸገ ቺፕስ ይቀደድለታል። ካልሆነ ትናንት የፈነዳ ፈንዲሻ ጨው ተደፍቶበት ይቀርባል።

ያ ጨው ለምን እንደሚደፋ እዚህ ያለ ሰው ሁሉ ያውቃል። እንግዳው ይጠማውና ይድገም ተብሎ ነው። ወጥ ቤት ለምትሠራ ልጅ «ጨው አብዢበት» የሚል ትእዛዝ ስንት ጊዜ እንደሚሰጥ እኅቶቼ ይመስክሩ። እንግዳ ተቀባይ ነን እያልን በየመድረኩ እንናገራለን። እንግዳን በጨው ማጥመድ ከየት የመጣ አቀባበል ነው?

እኔ ባደግሁበት ሰፈር የዳጉሳ አረቄ የሚሸጡ እናቶች ነበሩ። መብራት የላቸው፣ ሜኑ የላቸው፣ ወንበሩም ዱካ ነበር። ግን አረቄ ላዘዘ ሰው መጀመሪያ የሚቀርበው ቆሎ ነው። ቆሎ ሲያልቅባቸው የደረቀ ዳቦ ቆርሰው ይሰጡ ነበር። አንዷ «በባዶ ሆዱ አጠጥቼ ልኬው መንገድ ላይ ቢወድቅ ሚስቱ ማንን ነው የምትረግመው?» ሲሉ ሰምቻለሁ። ሕክምና አልተማሩም። ነገሩ ግን ልክ ነው። አልኮል በብዛት ወደ ደም የሚገባው ከትንሹ አንጀት ነው። ጨጓራ ውስጥ ምግብ ካለ መጠጡ ቶሎ አያልፍም፤ ቀስ እያለ ነው የሚወርደው። በልቶ የጠጣ አይሰክርም እያልኩ አይደለም። ቢያንስ ሁሉም ባንዴ ጭንቅላቱ ላይ አይወጣም።

አሁን ወደ ሩሙ።

ሩም የሸንኮራ አገዳ ልጅ ነው። አብዛኛው የሚሠራው ስኳር ሲመረት ከሚተርፈው ከሞላሰስ ነው። ማርቲኒክ ላይ ደግሞ በቀጥታ ከአገዳው ጭማቂ ያወጡታል። ሞላሰስ ለእኛም እንግዳ አይደለም። ወንጂ ስኳር ማምረት የጀመረው በ1946 ዓ.ም. ነው፤ ፊንጫና መተሐራም ከዚሁ ሞላሰስ ኤታኖል ሲያወጡ ኖረዋል። ሩም ግን አገሩ ካሪቢያን ነው። ባርቤዶስ ውስጥ ያለው ማውንት ጌይ የሚባል የሩም ፋብሪካ እ.ኤ.አ. በ1703 የተጻፈ ሰነድ አለኝ ይላል።

የካሪቢያን ሰው ሩሙን በምን ይጠጣዋል? ባርቤዶስ ውስጥ በየመንደሩ ትንንሽ ሩም ቤቶች አሉ። እዚያ ጨው የገባበት ዓሣ ተፈርፍሮ፣ በሊጥ ተለውሶ፣ ተጠብሶ ይቀርባል። ማርቲኒኮችም የዚሁ ዘመድ የሆነ አክራ የሚባል አላቸው። ኩባዎች ያልበሰለ ሙዝ ይጠብሳሉ፣ ይደፈጥጣሉ፣ መልሰው ይጠብሳሉ። ጃማይካዎች በቅመምና በበርበሬ የታሸ ዶሮ በእንጨት ጢስ ላይ ያበስላሉ። የእንግሊዝ ባሕር ኃይል እስከ 1970 እ.ኤ.አ. ድረስ ለመርከበኛው ሩም ያድል ነበር። በሸራ መርከብ ዘመን ከሩሙ ጋር የሚበላው ደረቅ ብስኩትና በጨው የደረቀ ሥጋ ነው። እኛ ደረቅ ብስኩቱን ዳቦ ቆሎ፣ ደረቅ ሥጋውን ቋንጣ እንለዋለን። ታዲያ ምን ጎድሎብን ነው ከውጭ የመጣ ቺፕስ የምንቀድደው?

አንድ የከተራ ማታ የሆነውን ልንገራችሁ። ቤቱን አልጠራም። ባለቤቱ ዛሬ እዚህ ካሉ ራሳቸውን ያውቃሉ።

ከተራ ምን እንደሚመስል ለጎንደር ሰው አይነገርም። ጥር 10 ገሃድ ነው፣ ይጾማል። ታቦታቱ ወደ ፋሲለደስ መዋኛ ሲወርዱ ሰው አብሮ ይወርዳል። እየዘፈነ፣ እየዘለለ፣ አቧራ እየቃመ። ሲመሽ ግማሹ እዚያው ያድራል፣ ግማሹ ወደ ፒያሳ ይወጣል። እኔ ወጥ ቤት የምሠራበት ቤት አምስት ስድስት ወጣቶች ገቡ። የጎንደር ልጆች ናቸው፣ አዲስ አበባ የሚሠሩ። ቀኑን ሙሉ ምንም አልቀመሱም። ገና ሳይቀመጡ በበርሜል የቆየ ጥቁር ሩም በጠርሙስ አዘዙ። ገሃድ ነው ብሎ ሥጋ አልነካም ያለ ሰው ሩም ሲያዝ ምን እንደሚባል አላውቅም። እሱን ለነፍስ አባቶቻቸው እንተወው።

ብዙም ሳይቆይ አስተናጋጇ ወደ ጓዳ ሮጣ መጣች። «እትዬ፣ አንዱ ልጅ ፊቱ ነጣ፤ ሊወድቅ ነው መሰለኝ።» በበሩ ቀዳዳ አየሁት። ላብ አጥምቆታል፤ ጓደኞቹ እየሳቁ ሌላ ይቀዱለታል። ጠረጴዛው ላይ ብርጭቆና ጠርሙስ ብቻ ነው ያለው።

ጓዳ ውስጥ ምን አለ? ለነገ የተዘጋጀ ሥጋ አለ፣ ግን ጾም ነው። ከዚያ ሌላ ለሠራተኛ እራት ብዬ የዘፈዘፍኩት የደምቢያ ሽምብራ አለ። ውኃውን አጠንፍፌ በጨርቅ ሸፍኜው ነበር። ምጣዱን ጣድኩ። ሽምብራ አቆላሉ ትዕግሥት ይፈልጋል። እሳቱ ከበዛ ላዩ ያርና ውስጡ ጥሬ ይቀራል። እያገላበጥኩ ቆየሁ። መጀመሪያ ዝም አለ፣ ከዚያ ጠሽ ጠሽ ማለት ጀመረ፤ ቆዳው እየተሰነጠቀ ቢጫው ብቅ አለ። አንዷን ነክሼ ውስጧ ዱቄት ሲሆን አወረድኩት። ትኩሱን በትንሽ ዘይት፣ በበርበሬና በጨው ለወስኩት። የመተማ ሰሊጥም ነበረኝ። አመስኩት፣ ማር አሙቄ ደባለቅኩት፣ ትሪ ላይ ዘርግቼ ሲጠጥር ሰባበርኩት። ከጠዋት የቀረ የዳጉሳ ቂጣ ጨመርኩበትና «ውሰጅላቸው፤ ለዚያ ልጅ ደግሞ መጀመሪያ ውኃ ስጪው» አልኳት።

ልጆቹ ዝም አሉ። ለካ ርቧቸው ነበር። ሽምብራው አለቀና ሌላ ጠየቁ፣ ሰሊጡ አለቀና ሌላ ጠየቁ። የነጣው ልጅ ፊቱ ተመለሰ። ጠርሙሷን ሳይጨርሱ ቀሪዋን ይዘው፣ ተቃቅፈው በእግራቸው ወጡ። አስተናጋጇ ጥሩ ጉርሻ አገኘች። ለእኔም አካፈለችኝ፤ እግዜር ይስጣት።

በማግሥቱ ባለቤቱ ጠሩኝ። «ሽምብራው በየትኛው ደረሰኝ ነው የወጣው?» አሉኝ። ለሠራተኛ እራት የታሰበ ነው ብላቸው፣ «የሠራተኛን እራት ለእንግዳ መስጠት ማን ፈቀደልሽ?» አሉ። ያዘዘ ስለሌለ አልተከፈለበትም። ከደመወዜ ተቆረጠ። የጥምቀት ሳምንት ሳያልቅ ደግሞ ሜኑው ላይ «ልዩ ሽምብራ ከሰሊጥ ጋር» የሚል ወጣ። የአንዱ ሰሐን ዋጋ ደምቢያ ሄጄ ቁና ሽምብራ ይገዛልኝ ነበር! የተቆረጠችዋ ደመወዝ ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰችም።

እያጨበጨባችሁ ነው። ጭብጨባው ከየት እንደመጣ አያለሁ፤ ከኋላ ወንበር ነው። ፊት ለፊት የተቀመጣችሁት ደግሞ ስሙኝ። ለጠርሙስ መደርደሪያ መስታወት ታስገጥማላችሁ፣ ሰማያዊና ቀይ መብራት ትዘረጋላችሁ። ወጥ ቤቱ ግን አንዲት አምፖል ብትቃጠልበት ሳምንት በሻማ ይሠራል። የውጭ ሩም ለማስመጣት ዶላር ትፈልጋላችሁ፣ አንድ ኪሎ ሽምብራ ስንጠይቅ ግን «ወጪ በዛ» ትላላችሁ። እንግዳው ተመልሶ የሚመጣው ለጠርሙሱ ብሎ ነው? ያው ጠርሙስ አዲስ አበባም አለ፣ ባሕር ዳርም አለ። የደምቢያን ሽምብራ ትኩስ ከምጣድ አውርዶ የሚሰጠው ማን ነው?

ይቅርታ። ወደ ርእሴ ልመለስ፤ ሰዓቱም እየሄደ ነው።

ነጭ ሩም ቀላል ነው። ሎሚ ይወዳል። ዳይኪሪ የሚባለው የኩባ መጠጥ ነጭ ሩም፣ ሎሚና ስኳር ነው፣ ሌላ ምሥጢር የለውም። ለእሱ የጎርጎራ ዓሣ ይሁንለት። ጣት በምታህል ቆርጣችሁ፣ ዱቄት ነክራችሁ ጥበሱት፣ ሎሚ ጨምቁበት። ዓሣ በጾም ይበላል አይበላም የሚለውን ክርክር እዚህ አላነሳም፤ ተጣልተን እንዳንለያይ። ዓሣ ለማይበላ ሰው የጾም ሳምቡሳ አለ፣ ምስሩን ግን ደረቅ አድርጉት።

በበርሜል የቆየው ጥቁሩ ሩም ሌላ ጠባይ አለው። ብዙ ጊዜ የአሜሪካ ውስኪ በነበረበት የኦክ በርሜል ውስጥ ነው የሚቀመጠው። የቫኒላ፣ የተቃጠለ ስኳርና የእንጨት ሽታ የሚያመጣው እንጨቱ ነው። ጣፋጭ ይመስላል እንጂ ሲጣራ ስኳሩ አብሮት አይወጣም፤ አንዳንድ አምራች በኋላ ይጨምርበታል። ከእሱ ጋር የሚሄደው የተቆላ ነገር ነው። ለውዝ፣ ሽምብራ፣ ሰሊጥ በማር። በፍስክ ጊዜ ደግሞ ቋንጣ። ቋንጣውን በደረቁ አሙቁትና በእጅ የሚያዝ አድርጋችሁ ሰባብሩት፤ ቅቤ አታብዙበት። የማይበላ ሰው ካለ ቡናና ጥቁር ቸኮሌት ይበቃዋል።

ሚጥሚጣ ላይ ጠንቀቅ በሉ። አርባ በመቶ አልኮል ያለው መጠጥ በራሱ ያቃጥላል። ሚጥሚጣ ሲጨመርበት ምላስ ምንም አይቀምስም። አዋዜ ካቀረባችሁ ማር ጠብ አድርጉበት፣ ወይም ሩሙን በኮካና በበረዶ አቅጥኑት። ቅመም የገባበት ሩም ደግሞ ብዙ ጊዜ እንደ ቀረፋና ዝንጅብል ያለ ቅመም ስላለው ከዳቦ ቆሎ ጋር ይስማማል፤ ከዚያ በላይ የምለው የለኝም።

የጾሙን ነገር ግን አትርሱ። ከተራ ማታ የሚመጣው እንግዳ ጾመኛ ነው። ጥምቀት ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢውል እንኳ ስለሚፈሰክ በማግሥቱ ሥጋ ይፈልጋል። ሁለቱንም አዘጋጁ። በዓላችን በ2012 ዓ.ም. በዩኔስኮ ከተመዘገበ ወዲህ የጠርሙስ ዓይነት ጨምረናል። የቆሎ ዓይነት ማን ጨመረ?

ባለቤቶችን ሁለት ነገር ጠይቄ ልውረድ። ባንኮኒው ክፍት እስከሆነ ድረስ አንድ ምድጃ አይጥፋ፤ ለሚያመሸው ሰው የማታ አበልና የመመለሻ ትራንስፖርት ይከፈል። ሁለተኛ፣ ሩም ላዘዘ ሁሉ አንድ ትንሽ ሰሐን የሚቆረጠም ነገር ያለ ሂሳብ ይቅረብ፤ ዋጋውን መለኪያው ላይ አስቡት። «አያዋጣም» የሚል ካለ የዳጉሳ አረቄ ሻጮቹ እንዴት እንዳዋጣቸው ሄዶ ይጠይቅ። ጉርሻ ለወጥ ቤትም ይካፈል የሚል ሦስተኛ ነበረኝ፤ አዘጋጁ ሰዓታቸውን እያዩ ነው።

ግቢው ውስጥ ጠረጴዛ ተዘርግቷል። የነቢያት ጾም ስለሆነ የሚበላው ሁሉ የጾም ነው፤ ሩሙን በተመለከተ ሁሉም ከነፍስ አባቱ ጋር ይነጋገር። በስተቀኝ ነጭ ሩም ከሳምቡሳ ጋር፣ በስተግራ ጥቁሩ ከሰሊጥና ከለውዝ ጋር አለ። መኪና የምትነዱ ቀጥታ ወደ ቀረፋ ሻዩ። ሽምብራው ገና አልተቆላም፣ ተዘፍዝፎ ተቀምጧል። ምጣዱ ተጥዷል፣ ማማሰያውም እዚያው አለ። የሚቆላ ሰው ስለጎደለን ባለቤቶች በዚያ በኩል እንድታልፉ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

አመሰግናለሁ።