ሲነዱ የሚሠራ፣ ሲቆሙ የሚጠፋ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ፤ ከደብረ ማርቆስ ነኝ። ዛሬ የማወራው ስለ አንድ ዕቃ ነው፤ መኪና ላይ ተጭኖ በባትሪ ስለሚሠራ፣ ከእኔ በፊትም ሌላ ሰው ሲጠቀምበት ስለኖረ ትንሽ ፍሪጅ።

የጎጃም ሰው ለመንገድ ፍሪጅ ፈልጎ አያውቅም። ስንቃችን በሶ ነው፣ ቆሎ ነው፣ ድርቆሽና ቋንጣ ነው፤ ሁሉም ደርቆ፣ ተቆልቶና ተፈጭቶ የሚጓዝ። በዚያ ላይ ጾሙ አለ። ሁዳዴ ብቻውን 55 ቀን ነው፤ ሌሎቹ አጽዋማትና ረቡዕ ዓርብ ሲታከሉበት ሥጋና ወተት ከዓመቱ ግማሽ ያህሉን ከቤታችን ይርቃሉ። እናቴ ፍሪጁን ስታየው ያለችው ይህንኑ ነበር፦ «ቋንጣ እያለ በረዶ ተሸክሞ መዞር ምን ይሉታል?»

መልስ አለኝ። አገራችን ቁልቁለት ናት። የጮቄ ተራራ ጫፍ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው፤ ከደጀን ወርዳችሁ ዓባይ ድልድይ ስትደርሱ ግን ከፍታው ወደ 1,000 ሜትር ገደማ ዝቅ ይላል። ጠዋት ጋቢ ደርቤ የገዛሁት እርጎ እኩለ ቀን ላይ ዓባይ በረሃ ውስጥ ምን እንደሚመስል ለማየት አፍንጫ ብቻ ይበቃል። ከባሕር ዳር የተገዛ ቆሮሶም ዘንገና ሐይቅ ዳር ድንኳን ተክዬ ባደርኩ ማግስት ደብረ ማርቆስ በጤናው እንዲደርስ እፈልጋለሁ። ድርቆሽ ይህን አያደርግልኝም።

ያገለገለ ፍሪጅ ስትፈልጉ መጀመሪያ ጆሯችሁን አቅርቡ። ኮምፕረሰር (ጋዙን የሚጨምቅ ሞተር) ካለው እንደ ቤት ፍሪጅ በዝግታ ያጉረመርማል፤ ደግሞም በየተወሰነ ጊዜ ዝም ይላል። ማራገቢያ ብቻ የሚያሰማውና ፈጽሞ የማያርፈው ሌላ ዓይነት ነው። እርሱ ከውጭው አየር ቢበዛ 20 ዲግሪ ያህል ነው የሚያወርደው። ውጭው 35 ከሆነ ውስጡ 15 ነው፤ ወተት አያድንም፣ ባትሪውን ግን ሳያቋርጥ ይጠጣል። ጮቄ ላይ ይሠራል፤ ጮቄ ላይ ግን ድንጋይም ያቀዘቅዛል። በጋዝ ነበልባል የሚሠራም አለ፤ ዘንበል ማለት ስለማይወድ ለእኛ መንገድ አይሆንም። ኮምፕረሰር ያለው ይሁን እንጂ ዕድሜው ብዙ አያስፈራኝም። ብዙ የቆዩ ፍሪጆች ውስጥ ያለው ቀድሞ የዴንማርኩ ዳንፎስ ይሠራው የነበረው፣ ዛሬ ሴኮፕ በሚል ስም የሚወጣው ኮምፕረሰር ነው፤ ጠንካራ ዕቃ ነው። ፊቱ ተጫጭሮ ሆዱ ጤነኛ የሆነ ስንት አለ!

የእኔን የሸጡልኝ ባሕር ዳር የሚኖሩ፣ ዘመናቸውን ቱሪስት ሲያመላልሱ የኖሩ ሹፌር ናቸው። ዋጋው ርካሽ ስለነበረ ምክንያቱን ጠየቅኋቸው።

«ልጄ፣ አልዋሽህም» አሉኝ። «ስነዳ ይሠራል። ቆሜ ሞተሩን ሳጠፋ ብዙም ሳይቆይ ይጠፋል። አርጅቷል።»

«ጋሼ፣ የሚሰኩት የት ነው?»

«የሲጋራ መለኮሻው ላይ ነዋ! ሌላ የት ይሰካል?»

እዚያ ላይ ልቤ ዘለለ፤ ፊቴን ግን አላሳየሁም። ለምን እንደሆነ በደንብ ላስረዳ፣ ምክንያቱም «አርጅቷል» ተብሎ የሚሸጥ ፍሪጅ ብዙ ጊዜ ጥፋቱ የመኪናው ሽቦ ነው። ለሲጋራ መለኮሻ የሚዘረጋው ሽቦ ቀጭን ነው። አንድ ካሬ ሚሊሜትር የሆነ የመዳብ ሽቦ ከባትሪው እስከ ኋላ 5 ሜትር ሄዶ 5 ሜትር ሲመለስ፣ 4 አምፔር ካለፈበት 0.7 ቮልት ገደማ በመንገድ ላይ ይቀራል። ባትሪው 12.4 ቮልት ቢኖረው ፍሪጁ የሚያገኘው 11.7 ነው። ፍሪጁ ደግሞ መኪናው ጠዋት አልነሳም እንዳይል ባትሪውን የሚጠብቅ መቁረጫ አለው፤ ይህ በጥብቁ ደረጃ ላይ ከተደረገ በብዙዎቹ 11.8 ቮልት ገደማ ላይ ያጠፋል። ስለዚህ ገና ብዙ ኃይል የቀረው ባትሪ ባዶ መስሎት ሥራውን ያቆማል። ሞተር ሲነሳ ዲናሞው ወደ 14 ቮልት ስለሚሰጥ የጎደለው ይሸፈንና ፍሪጁ ነፍስ ይዘራል። ሲነዱ የሚሠራ፣ ሲቆሙ የሚጠፋ ማለት ይህ ነው።

ምን እንደሚመስለኝ ለጋሼም ነገርኳቸው። ሳቁና «እንግዲያውስ ይቅናህ» አሉ፤ ዋጋውን አልጨመሩም። የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛው 6 ካሬ ሚሊሜትር የሆነ ሽቦ ከባትሪው በቀጥታ ሳበልኝ፤ ፊውዙን ባትሪው አጠገብ አደረገው። አሁን የሚጠፋው 0.12 ቮልት አካባቢ ነው። ፍሪጁ አልተነካም፤ ይሠራል።

ተአምር ግን አትጠብቁ። 70 አምፔር ሰዓት የሚይዝ ባትሪ ግማሹን ብቻ ብንጠቀም 35 ነው። 4 አምፔር የሚስበው ኮምፕረሰር ከሦስት ደቂቃ አንዱን እየሠራ ቢውል አንድ ቀን ያህል ያቆየናል፤ ዓባይ በረሃ ውስጥ ግን ግማሹን ጊዜ ስለሚሠራ ከ17 ሰዓት ብዙም አያልፍም። ከዚያ በኋላ ሞተር ማስነሳት ነው።

ሻጮች የሚወዷት አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች፦ «ጋዝ ማስሞላት ብቻ ነው የሚፈልገው።» ይህን ስሰማ ቦርሳዬን እዘጋለሁ። የፍሪጅ ጋዝ እንደ ነዳጅ ተቃጥሎ አያልቅም፤ ከጎደለ የሚያፈስበት ቀዳዳ አለ፣ ቀዳዳውን ማግኘት ደግሞ ከመሙላቱ ይከብዳል። ሌላም አለ። ስትደርሱ ቀድሞ ቀዝቅዞ የሚጠብቃችሁን ፍሪጅ አትመኑት። ጠፍቶና ሞቆ ይቆያችሁ፤ ከዚያ ውኃ የሞላ ጠርሙስና ቴርሞሜትር አስገብታችሁ፣ ከግድግዳ ሶኬት ሳይሆን ከባትሪ አስነሡትና ቡና እየጠጣችሁ ጠብቁ። ሻጩ ከቸኮለ ይቸኩል። ክዳኑን በአሥር ብር ኖት ላይ ዝጉና ኖቱን ሳቡ፤ ያለ ትግል ከወጣ የክዳኑ ጎማ አልቋል። አውቶቡስ ላይ ተጋድሞ ከመጣ ደግሞ የኮምፕረሰሩ ዘይት ወደ ቦታው እንዲመለስ ለጥቂት ሰዓታት ቀጥ አድርጋችሁ አቁሙት እንጂ ወዲያው አታስነሡት።

አሁን ፍሪጁ መኪናው ውስጥ አይደለም። የጎጃም መንገድ እንደ ልብ የማይኬድበት ጊዜ ነው፤ ድንኳኑም ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ፍሪጁን ሳሎን አስገብቼ ከትርፍ ባትሪ ጋር አገናኘሁት። መብራት በሄደ ቁጥር ጎረቤታችን እትዬ ኢንሱሊናቸውን ይዘው ይመጣሉ። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ነው የሚቀመጠው፤ በረዶ ከሠራ ደግሞ መድኃኒትነቱ አበቃ። ይህ ፍሪጅ ካልጠበቁት በረዶ መሥራት ይችላል። ስለዚህ 5 ላይ አድርጌ፣ ኢንሱሊኑን ከፍሪጁ የውስጥ ግድግዳ አርቄ፣ ቴርሞሜትሩን አጠገቡ አኖራለሁ። እትዬም ቴርሞሜትሩን ማንበብ ተምረው እኔን ይቆጣጠሩኝ ጀመር።

መንገዱ ቢከፈት እንኳ ፍሪጁን ለመውሰድ መጀመሪያ እርሳቸውን ማስፈቀድ አለብኝ፤ የሚፈቅዱ አይመስለኝም። ሁለተኛ ፍሪጅ መፈለግ ጀምሬያለሁ። የምትሸጡ ካላችሁ ንገሩኝ፤ እስክመጣ ድረስ ግን አታቀዝቅዙት።