ከ«ቁርጥ እሱን» በኋላ

ጤና ይስጥልኝ ወዳጆቼ፣ እንደምን ሰነበታችሁ? ዛሬም ከኮዬ ፈጬ ነኝ። የሚሰማችሁ የጎረቤት ልጆች ኳስ ነው፤ ታገሱኝ።

እኛ አገር ሥዕል ሲወደድ «ቁርጥ እሱን!» ይባላል። ትልቅ ሙገሳ ነው። ዓይንና እጁን ያስማማ ሰው ብቻ ነው የሚያገኘው። እኔም ለዚህ ብዙ ደክሜያለሁ፤ አልቆጭም። ግን ማስመሰል ብቻውን የማይደርስበት ቦታ አለ። ስለዚያ ነው የማወራችሁ።

ከመስኮቴ የረር ተራራ ይታያል። ነሐሴ ላይ ዝናብ ሊጥል ሲል ይጠቁራል። የተጠጋኝ ይመስለኛል። ከፊቱ የተደረደሩት ኮንዶሚኒየሞች ኢምንት ይሆናሉ። ይህንን በልኩ ብሥለው የረር ከሕንፃዎቹ ጀርባ ያለ ጉብታ ነው የሚሆነው። ልኬቱ ትክክል ነው። ያስፈራኝ ግዝፈት ግን የለበትም። ስለዚህ ተራራውን ከሸራው ግማሽ በላይ እሰጠዋለሁ፤ ሕንፃዎቹ ከታች አንድ ግራጫ መስመር ይሆናሉ።

ይህ ማለት ግን ቀለም እንደመጣልን መርጨት አይደለም። እንዲያውም የበለጠ ማየት ይጠይቃል። ልቤን የነካው ምንድን ነው? ቅርፁ? ቀለሙ? መጠኑ? መልሱን ሳላገኝ ብሩሽ አላነሳም። ካገኘሁት በኋላ እሱን አጎላለሁ፤ የቀረውን ያለ ርኅራኄ እተወዋለሁ።

የረዱኝን ልንገራችሁ። መጋረጃውን ዘግቼ ከትዝታ እሥላለሁ፤ አእምሮ የማይረባውን ራሱ ይጥለዋል። ቀጭን ብሩሾቼን አስቀምጬ በግድግዳ ቀለም መቀቢያ እጀምራለሁ፤ በእሱ መስኮት መቁጠር አይቻልም። ጥቁር ቀለምም ከቱቦ አልጨምቅም። አልትራማሪን ሰማያዊንና በርንት ሲየና የሚባለውን ቡናማ እቀላቅላለሁ። ሰማያዊው ሲበዛ ጥቁረቱ ይቀዘቅዛል፣ ቡናማው ሲበዛ ይሞቃል። የየረር የነሐሴ ጥቁረት ቀዝቃዛው ነው። ይህን ለማግኘት ስንት ወረቀት እንዳበላሸሁ!

«ይህ የፈረንጅ ነገር ነው» የሚሉኝ አሉ። እኔ አይመስለኝም። ቤተ ክርስቲያን ስትገቡ ግድግዳውን እዩት። ቅዱሳኑ ፊታቸው ሙሉ ነው፤ ሁለቱም ዓይኖቻቸው ትልልቅ ናቸው፣ ይመለከቷችኋል። ክፉዎቹ ደግሞ በጎን ይሣላሉ፤ አንድ ዓይናቸው ብቻ ነው የሚታየው። ሰው በተፈጥሮው እንደዚያ ስለሆነ አይደለም። ሰዓሊው ስለ ማንነታቸው ሊነግረን ስለፈለገ ነው። አያቶቻችን ይህንን ያለ አስተርጓሚ ይረዱት ነበር።

ሰዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን ለንደንና ፓሪስ ተምሮ ሲመለስ ከጠልሰም ሥዕሎቻችን፣ ለጥበቃና ለፈውስ በብራና ላይ ከሚሣሉት፣ የቀዳው ለዚህ ይመስለኛል። ገብረ ክርስቶስ ደስታም ጀርመን፣ ኮሎኝ ተምሮ በ1960ዎቹ መጀመሪያ (እ.ኤ.አ.) ሲመለስ «የእኛ አይደለም» ተብሎ ተተችቷል። እሱ ግን የሐረር ልጅ ነው፤ ገጣሚም ነው። አለ ፈለገ ሰላም በመሠረቱት የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤትም አስተምሯል። ትችቱ አላቆመውም። እንኳንም አላቆመው!

ሥዕሎቹ ስድስት ኪሎ፣ በስሙ በተሰየመው ሙዚየም አሉ። ከዳር ከተማ ለምንመጣ ሩቅ ነው፤ ታክሲው ያንገላታል። ግን ሂዱ። እዚያ ስትደርሱ ስልካችሁን ኪሳችሁ ውስጥ ተዉት። አንድ ሥዕል ምረጡና ቀለሙ ከቀለም ጋር የሚገናኝበትን ጠርዝ ብቻ ተከተሉ፤ የት ስለት እንዳለው፣ የት እንደሚሟሟ። ቤት ስትገቡ ያስታወሳችሁትን ሣሉ። የረሳችሁት ይቅር።