የተጎዳም አባል ነው
(ድሬዳዋ፣ ሳቢያን፣ በጂማችን የቤተሰብ ምሽት ላይ የቀረበ ንግግር)

እንደምን አመሻችሁ፣ የድሬ ልጆች! ልጆቻችን ማታ ማታ የት ነው የሚጠፉት ብላችሁ የመጣችሁ እናቶችና አባቶች፣ እንኳን ደህና መጣችሁ። ውኃ ቀርቧል፤ ስለ ሙቀቱ ለድሬ ሰው አልነግርም።

እዚህ የሚሠራው ጡንቻ ብቻ አይደለም። ልጁ ሲመዘገብ የእከሌ ልጅ ነው፤ ሲከርም «ጂም የሚሠራው» ይሆናል። የሚበላው፣ የሚተኛበት ሰዓት፣ ከበርጫ መቅረቱ፣ ጓደኛው ሳይቀር በዚሁ ይወሰናል። ሰፈር ውስጥ ዞር ብሎ የሚያየው ያልነበረ ልጅ፣ ትከሻው ሲሰፋ አንገቱን ቀና ሲያደርግ አይቻለሁ። ይህን አልንቅም።

ነገሩን ጥግ ድረስ ከወሰዱት አንዱ በ2000 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ የተመሠረተው ክሮስፊት የሚባል የከባድ ስፖርት ሥልጠና ነው። «መርፍ» የሚሉት ሥራ አላቸው፦ 1.6 ኪሎ ሜትር ሩጫ፣ 100 ፑል አፕ (ብረት ላይ ተንጠልጥሎ ራስን ወደ ላይ መሳብ)፣ 200 ፑሽ አፕ፣ 300 ስኳት (ቁጭ ብድግ)፣ ከዚያ ያንኑ ሩጫ እንደገና። ጎበዝ የሆነ ደግሞ 9 ኪሎ የሚከብድ ሰደርያ ለብሶ ይሠራዋል። ስያሜው በ2005 እ.ኤ.አ. አፍጋኒስታን ውስጥ ለተገደለ የአሜሪካ ባሕር ኃይል መኮንን መታሰቢያ ነው። በሕይወት ሳለ አይተውት የማያውቁ ሰዎች በየዓመቱ በላባቸው ያስቡታል። በ2020 እ.ኤ.አ. የክሮስፊት መሥራች፣ ፖሊስ ስለገደለው ጥቁር አሜሪካዊ ስለ ጆርጅ ፍሎይድ በጻፈው ነገር የተነሳ ብዙ ጂሞች ከክሮስፊት ስም ተለያዩ፤ ስሙን ጣሉ እንጂ ብረቱን አልጣሉም።

እነዚሁ ሰዎች ግን «አጎት ራብዶ» የሚባል የካርቱን ቀልደኛ ነበራቸው፤ ከኩላሊት እጥበት ማሽን ጋር ተያይዞ የቆመ! ራብዶ ቀልድ አይደለም። ከልክ በላይ የተጨነቀ ጡንቻ ይፈርስና ውስጡ ያለው ወደ ደም ይገባል፤ ሽንት እንደ ኮካ ይጠቁራል፤ ኩላሊት ሊደክም ይችላል። ሙቀትና የውኃ ጥም ያባብሱታል። እንዲህ ያለ ሽንት ያየ ልጅ ለእኔ ሳይደውል በቀጥታ ሆስፒታል ይሂድ።

እኛ ዘንድም «ዛሬ አመመኝ» ማለት እንደ ውርደት እየተቆጠረ ነው። ትከሻው ሲጎዳ ከጂም ብቻ ሳይሆን ከሻይ ቤቱም የሚጠፋ አለ፤ ትከሻው ስሙ ሆኖ ነበርና ያለ እሱ ማን ሆኖ ይምጣ?

ስለዚህ ከሰኞ ጀምሮ የተጎዳ ሰው ሰዓት ይይዛል፣ ቁጥር ይቆጥራል፣ አዲስ ገቢዎችን ያርማል። ሐኪም እስኪፈቅድለት ብረት አይነካም፤ ወርኃዊ ክፍያም አይጠየቅም። ሂሳብ ያዡ ፊቱን አጥቁሯል፤ ነገር ግን ተስማምተናል።