«ልጄ ሀሁን ጨርሷል» ለምትሉ ወላጆች
በመዋዕለ ሕፃናት የትምህርት ዘመን መክፈቻ፣ በወላጆች ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር

የተከበራችሁ ወላጆችና አሳዳጊዎች፣ እንደምን አደራችሁ። አዲሱ ዓመት የሰላምና የጤና ይሁንላችሁ። ከመሥሪያ ቤት ፈቃድ ጠይቃችሁ፣ ሱቃችሁን ለሰው አደራ ብላችሁ እንደመጣችሁ አውቃለሁና ብዙ አላቆያችሁም።

በምዝገባው ሰሞን ከብዙዎቻችሁ አንድ ነገር ሰምቻለሁ፤ «ልጄ ሀሁን ጨርሷል»። አንዳንዶቻችሁም እዚያው ቢሮ ውስጥ ልጁን አቁማችሁ አስዘምራችሁልናል። ልጁም ከሀ እስከ ፐ አንድ ሳይስት ተወጣው። አጨብጭበናል፤ ይገባዋልም። ዛሬ ግን ያንን ደስታችሁን ትንሽ ልረብሸው ነው የቆምኩት።

ማስተማር በጀመርኩበት ዓመት እንደዚሁ አሳምሮ የሚዘምር ልጅ ነበረኝ። አንድ ቀን ገበታው ላይ ጣቴን «ቤ» ላይ አሳርፌ «ይህችስ ማን ናት?» አልኩት። ዝም አለ። ከዚያ ዐይኑ ወደ ግራ ሸሸና «በ»ን አገኘ፤ በሹክሹክታ «በ፣ ቡ፣ ቢ፣ ባ» ብሎ ቆጥሮ ሲደርስ «ቤ!» ብሎ ጮኸ። ብልህ ነው፤ መውጫውን አበጅቷል። «ቤ»ን ብቻዋን በብጣሽ ወረቀት ላይ ጽፌ ስሰጠው ግን እንግዳ ሰው እንደመጣበት አፍጥጦ ቀረ። ያ ልጅ የሚያውቀው ዜማውን ነበር። ፊደሏን ከጎረቤቶቿ ለይተው ካመጡበት አያውቃትም።

የኔታ ዘንድ የተማራችሁ ካላችሁ፣ የጥንቶቹ መምህራን ይህን ጉዳይ ቀድመው የነቁበት አይመስላችሁም? ልጁ ሀሁን ሲያበቃ የሚጠብቀው አቡጊዳ ነው፤ አ፣ ቡ፣ ጊ፣ ዳ፣ ሄ፣ ው፣ ዞ። እያንዳንዱ ፊደል ከሌላ ቤት፣ ከሌላ ተራ ይመጣል። ሀሁን በዜማ የሸመደደ ልጅ እዚህ ሲደርስ ዜማው ይከዳዋል፤ ስንጥሩን ፊደሏ ላይ አሳርፎ በመልኳ መለየት ግድ ይሆንበታል። (እውነቱን ልናገርና እኔ አቡጊዳንም ሸምድጄ የኔታን አታልያለሁ። የተያዝኩት ከፊደል ቀጥሎ በሚነበበው በመልእክተ ዮሐንስ ላይ ነው።)

ነገሩ የቀልድ ብቻ አይደለም። በ2002 ዓ.ም. በተለያዩ ክልሎች በተካሄደ የንባብ ምዘና፣ ከሁለተኛ ክፍል ተማሪዎች ሲሶ ያህሉ ከቀረበላቸው አጭር ታሪክ አንድ ቃል እንኳን ማንበብ አልቻሉም። እነዚያ ልጆች የየቋንቋቸውን ፊደል ሳይዘምሩ ሁለተኛ ክፍል ደረሱ ብዬ አላምንም።

ታዲያ እኛ ምን እናደርጋለን? ገበታው ላይ 33 ቤት፣ በየቤቱ ሰባት፣ በድምሩ 231 ፊደል አለ። የአራት ዓመት ልጅ 231 የተለያየ ሥዕል ይያዝ ማለት ግፍ ነው። ደግነቱ ፊደላችን ሥርዓት አለው። ሉ፣ ቡ፣ ሙ ሲባል ቅጥያው በቀኝ ወገብ ላይ ነው፤ ሊ፣ ቢ፣ ሚ ሲባል ወደ እግር ይወርዳል፤ ሌ፣ ቤ፣ ሜ ሲባል እግሩ ቀለበት ያደርጋል። «ሰ» አናቱ ላይ ሰረዝ ሲጫንበት «ሸ» ይሆናል፤ «ተ» «ቸ»፣ «ነ» ደግሞ «ኘ»። ልጁ ይህን ራሱ ሲደርስበት ፊቱ ላይ የሚታየውን ብርሃን ብታዩት ደመወዛችንን ትተን ለምን እዚህ እንደምንቆይ ይገባችኋል። ሳድስና ሳብዕ፣ ማለትም ስድስተኛውና ሰባተኛው ተራ (እንደ «ል» እና «ሎ»)፣ ግን ያስቸግራሉ፤ እነርሱን ቀስ ብለን እንይዛቸዋለን።

የሚገርመው፣ ለመጀመሪያ የምናስተምራት «ሀ» ከሁሉ ይልቅ ግራ የምታጋባ ናት። በአማርኛ «ሀ» እና «ሃ» ድምፃቸው አንድ ነው። ልጁ «እነዚህ ሁለቱ ለምን አንድ ዓይነት ይባላሉ?» ብሎ ሲጠይቅ መልሱ የግዕዝን ታሪክ ይጎትታል። ስለዚህ የምንጀምረው በ«ለ»፣ በ«መ» እና በ«በ» ነው። ከሦስቱ ቤቶች ብቻ «ላም»፣ «ሎሚ»፣ «ሙሉ»፣ «ልብ» ይወጣሉ። «ሌባ»ም ይወጣል፤ በየዓመቱ ክፍሉን በሳቅ የሚያፈርሰው እርሱ ነው። ልጃችሁ መስከረም አልቆ «ሀ ገና አልተማርንም» ቢላችሁ እባካችሁ አትደንግጡ።

አሁን ወደ እናንተ ድርሻ ልምጣ። ልጁ «ትምህርት» የሚለውን ሲያነብ መጀመሪያ «ትእ፣ ምእ፣ ህእ፣ ርእ፣ ትእ» ይላል። ከዚያ ወደ ቃሉ የሚያሻግረው ከዚህ ቀደም በጆሮው የገባው ቃል ነው። «ገና» የሚለውንም እንመልከት። ጠብቆ ሲነበብ በዓሉ፣ ላልቶ ሲነበብ «ገና አልመጣም» እንደምንለው ነው። ጽሑፉ አይለየውም። የሚለየው ቋንቋውን የጠገበ ልጅ ነው። ቋንቋ ደግሞ የሚጠገበው በደብተር ሳይሆን በጨዋታ ነው። «ተረት ተረት» ስትሉት «የላም በረት» ይበላችሁ። እንቆቅልሽ ጠይቁት፤ ሲሸነፍ አገር ስጡኝ በሉና ይሳቅ። ማንበብ የማይችሉ አያቶች እቤት ካሉ ከእኛ የበለጡ መምህራን እነርሱ ናቸው። ቤታችሁ የሚነገረው ኦሮምኛ፣ ጉራጊኛ ወይም ትግርኛ ከሆነ ተረቱን በዚያው ንገሩት፤ «ከትምህርቱ ይጋጭበታል» ብላችሁ በተሰበረ አማርኛ አታውሩት። በአንዱ ቋንቋ ታሪክ መከተል የለመደ ጆሮ በሌላውም ይከተላል። እንግሊዝኛውም ይደርሳል፤ ስለ እርሱ ዛሬ አልከራከርም።

ታክሲ ስትጠብቁ «በመ የሚጀምር ምን አለ?» በሉት። «መገናኛ፣ ሜክሲኮ፣ መርካቶ» እያላችሁ ቤት ትደርሳላችሁ። ድምፁን ከቃሉ ነጥሎ መስማት የንባብ ግማሹ ነው፤ እስክሪብቶም ወረቀትም አይፈልግም።

ስለ መጻፍ አንድ አቤቱታ አለኝ። በዚህ ዕድሜ እርሳስ ለመያዝ ጣቶቹ ገና አልጠኑም፤ አንድ ገጽ ሙሉ «ለ» ጻፍ ማለት እጁንም ልቡንም ያደክመዋል። ስለዚህ የቤት ሥራ አንልክም። ቀደም ሲል በሠራሁበት ቦታ እንልክ ነበርና ምን እንደሚሆን አውቃለሁ፤ ማታ የደከመው ልጅ ይተኛል፣ ደብተሩን እናት ትሞላለች። እናንተ ግራ እጃችሁን ብትጠቀሙም የአዋቂ ጽሕፈት ያስታውቃል። ይልቅ ምስር ሲለቀም አብሮ ይልቀም፣ ሊጥ ይዳምጥ፣ በሰፌድ ላይ በተበተነ ዱቄት በጣቱ ይጻፍ። በግራ እጁ የሚይዝም ካለ እባካችሁ አታስገድዱት፤ እኛም አናስገድድም።

ከዚህ በኋላ ወደ ክፍሎቹ እንሄዳለን። በየወንበሩ ጀርባ ላይ የእያንዳንዱ ልጅ ስም በትልቁ ተጽፏል። የራሱን ወንበር ራሱ ይፈልግ። ስሙን ማንበብ የሚችል ያለ አይመስለኝም፤ ግን የመጀመሪያዋን ፊደል በካርድ ጽፈን በእጁ ሰጥተነዋል፣ ከወንበሮቹ ጋር እያስተያየ ይሞክር። ሊቆይ ይችላል፤ የሌላ ሰው ወንበር ላይ የሚቀመጥም አይጠፋም። እናንተ በሩ ላይ ቁሙ እንጂ በጣታችሁ አትጠቁሙ። አመሰግናለሁ፤ በዚህ በኩል እንለፍ።