አባባን ከሶፋው እናስነሳቸው፦ ፓርኪንሰንና የቤት ውስጥ ስፖርት

(ምስል፦ ቱሉ ዲምቱ፣ የኮንዶሚኒየም ሳሎን። አንድ አዛውንት ከሶፋው ሊነሱ ሲሞክሩ ልጃቸው ከጓዳ እየሮጠች ትመጣለች።)

«አባዬ፣ ቁጭ በል! እኔ አመጣልሃለሁ!»

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነኝ። ከአቃቂ ወዲያ ባሉት ኮንዶሚኒየሞች ቤት ለቤት እየዞርኩ ስሠራ፣ ፓርኪንሰን የገባበት ቤት ሁሉ ይህን እሰማለሁ። የፍቅር ቃል ነው። ልጅ ተቀምጦ አባት ተነስቶ ውሃ ሲቀዳ ማየት ለኛ ነውር ነው። ግን በቀን ሃያ ጊዜ «ቁጭ በል» የተባለ ሰው መነሳት ራሱ ይጠፋበታል። ዛሬ ለማሳያችሁ ስፖርት የመጀመሪያው እንቅፋት ይኸው ደግነት ነው።

በሽታው ምን ያደርጋል? አንጎላችን ውስጥ ዶፓሚን የሚባል ንጥረ ነገር የሚያመርቱ ሕዋሳት አሉ፤ ፓርኪንሰን እነሱን ቀስ በቀስ ይጨርሳቸዋል። እንግሊዛዊው ሐኪም ጄምስ ፓርኪንሰን እ.ኤ.አ. በ1817 ስለ ሕመሙ ሲጽፍ «የሚያንቀጠቅጥ ሽባነት» ብሎት ነበር። ስሙ ያሳስታል። ጡንቻው ሽባ አልሆነም፤ የተዛባው የእንቅስቃሴው ልክ ነው። ሰውየው ግማሽ እርምጃ ተራምዶ ሙሉ የተራመደ ይመስለዋል። በምስሉ ያያችኋቸው እኚህ አባት በሽታቸው ሳይታወቅ ባንክ ሄደው «ፊርማዎ አይመሳሰልም» ተብለው ተመልሰዋል። ፊርማው የራሳቸው ነው፤ እጃቸው ሳያውቁት እያሳነሰው መጥቶ ነው።

ስለዚህ የምናሠራው ስፖርት ማጋነን ነው። እጅ ሲዘረጋ ግድግዳ እንደሚገፋ፣ እግር ሲነሳ ቦይ እንደሚሻገር። «በዛ፣ አፈርኩ» ካሉ፣ ለሚያያቸው ሰው ልክ መጥቷል ማለት ነው።

ቤት ውስጥ መሥራቱ ዋጋ አለው ወይ ለሚል፦ በኔዘርላንድስ 130 ሰዎች የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት አለ። ግማሾቹ ቤታቸው በቆመ ብስክሌት በሳምንት ሦስት ጊዜ፣ ከ30 እስከ 45 ደቂቃ እየፔደሉ ስድስት ወር ቆዩ። ሌሎቹ ማፍታቻ ብቻ ሠሩ። በመጨረሻ ሲለኩ የብስክሌተኞቹ የእንቅስቃሴ ችግር ከሌሎቹ ያነሰ ሆኖ ተገኘ። ብስክሌት የለንም? ልብን ሞቅ፣ ትንፋሽን ፈጠን የሚያደርግ የግቢ ዙር እርምጃም ከሶፋው ይሻላል። ከኮብልስቶኑ ግን ራቁ፤ እግሩን ለሚጎትት ሰው ወጥመድ ነው።

(ምስል፦ የግድግዳ ሰዓት፣ ክኒንና ብርጭቆ ውሃ።)

ሰዓት ምረጡ። ሌቮዶፓ (አንጎል ውስጥ ወደ ዶፓሚን የሚለወጥ ንጥረ ነገር) ያለበትን መድኃኒት የሚወስድ ሰው የሚቀልለውና የሚከብደው ሰዓት አለው፤ ስፖርቱን በሚቀልለው ያዙ። ብዙውን ጊዜ ክኒኑ ከተዋጠ ከግማሽ እስከ አንድ ሰዓት በኋላ ነው። ፕሮቲን የበዛበት ምግብ አብሮ ሲገባ መድኃኒቱን ሊያዘገየው ይችላል። «ጾም ነው፣ ሥጋ የለበትም» አይባልም እንግዲህ፤ ሽሮውም ፕሮቲን ነው! ሰዓቱን ከሐኪማችሁ ጋር አስተካክሉ፤ መጠኑን ግን በራሳችሁ አትንኩ።

አሁን ወደ ሥራው። ሶፋውን ተዉት፣ ሰው ይውጣል። በርጩማም ዝቅ ይላል። ጠንካራ የምግብ ጠረጴዛ ወንበር ግድግዳ አስደግፉ። ወደ ጠርዙ ቀረብ፣ እግርን ወደ ኋላ ሳብ፣ አፍንጫ ከጣቶቹ በላይ እስኪመጣ ጎንበስ፣ ከዚያ «አንድ፣ ሁለት፣ ሆ!» ብሎ መነሳት። ጮክ ብሎ መቁጠሩ ጨዋታ አይደለም፤ ድምፅም በዚህ በሽታ ስለሚያንስ አብሮ ይሠራል። አስር ጊዜ ይበቃል። እንደተነሱ ግን ወዲያው አይራመዱ፤ የደም ግፊት ወርዶ ራስ ሊያዞር ይችላል።

(ምስል፦ ኮሪደር። ወለሉ ላይ ቢጫ ናስትሮ በአግድም ተለጥፏል።)

ከመኝታ ቤት እስከ መታጠቢያ ቤት በአንድ እርምጃ ርቀት ናስትሮ ለጥፉ። አባባ በሩ ጋ ሲደርሱ እግራቸው ወለሉ ላይ ይጣበቅ ነበር። መስመሩን ሲያዩ ይሻገሩታል! በልማድ የሚሄደው እርምጃ ሲጠፋ፣ ዓይን በሌላ መንገድ ይመራዋል። ጭብጨባም እንዲሁ፤ የሚያውቁት መዝሙር ምት በቂ ነው። እግር ሲጣበቅ እጅ ይዛችሁ አትጎትቱ፣ ትጥሏቸዋላችሁ። ይቁሙ፣ ወደ ግራና ቀኝ ይወዝወዙ፣ ከዚያ አንድ ትልቅ እርምጃ።

መዞር ላይ ብዙ ሰው ይወድቃል። አባባ የአውቶቡስ ሹፌር ነበሩ። ሦስት ሳምንት ሙሉ «እግርዎን አያጠላልፉ» ስላቸው አልገባቸውም። አንድ ቀን፣
«አባባ፣ አውቶቡሱን ጠባብ መታጠፊያ ላይ እንዴት ነበር የሚያዞሩት?» አልኳቸው።
«ሰፋ አድርጌ ይዤ ነዋ! ምን ዓይነት ጥያቄ ነው?»
ከዚያ ቀን ወዲህ ሳሎኑን ሰፋ አድርገው ይዘው ይዞራሉ። መሪ ያዞሩ ይመስል እጃቸው ሁሉ ይሄዳል።

ደረጃውን ያለ ሰው አይሞክሩ፤ መደገፊያውን ይዘው ይውረዱ፣ ረዳቱ አንድ ደረጃ ዝቅ ብሎ ከፊት ይቁም። የምነግራችሁ ሁሉ ለፓርኪንሰን ነው። ኤኤልኤስን በመሰሉ፣ ጡንቻው ራሱ እየከሳ በሚሄድባቸው ሕመሞች እስኪደክሙ መሥራት ሊጎዳ ይችላልና ባለሙያ ሳታማክሩ ይህን አትገልብጡ።

ቡናው ሲፈላ አሁን ስኒያቸውን ራሳቸው ከረከቦቱ ያነሳሉ፤ ልጃቸው ስኒውን እስከ ግማሹ ብቻ ትቀዳለች። ናስትሮው ወለል ሲወለወል ይላቀቃል፤ ጥቅሉን በሩ ጀርባ አንጠልጥሉት።